ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠው አጥቂ
(በሼክ ኑር ለወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

በሜዳችን ዳር የሚቀመጡ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። «አቡበከር ናስር አገር ቤት ሳለ ያን ሁሉ ጎል ያገባ ልጅ፣ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ለምን አላሰለፉትም?» ይሉናል። ጥያቄው የኳስ ጥያቄ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላዳመጠው ግን ልጁ የሚጠይቀው ስለ ራሱ ነው። ጎበዝ የተባለው እንኳ ቦታ ካጣ የእኔ ልፋት ምን ዋጋ አለው ማለቱ ነው። ስደት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይህን ጥያቄ በኳስ ሜዳ ብቻ አይጠይቀውም። ስሙ እስኪጠራ ሲጠብቅ፣ የጉዳዩን መልስ ሲጠብቅ፣ የቀን ሥራ ፍለጋ በጧት ወጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ሁሉ ይጠይቀዋል።

ዛሬ እንድንሰበሰብ ያደረጉን ሁለት አሳሳቢ ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ አልተሰለፍኩም ብለው ልምምድ ያቆሙ፣ አንዳንዶቹም ከኳሱ ጋር ትምህርታቸውን አብረው የተዉ ልጆች እየበዙ መምጣታቸው ነው። ሁለተኛው፣ «ውጭ አገር ክለብ አስገባችኋለሁ» እያሉ በየሻይ ቤቱ ልጆቻችንን የሚያነጋግሩ ደላሎች መታየታቸው ነው። ሁለቱ ነገሮች የተያያዙ ናቸው። ቦታ ያጣና ተስፋ የቆረጠ ልጅ ለደላላ የተመቸ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ እንነጋገርባቸዋለን።

29 ጎል ያገባው ልጅ

አቡበከር ናስር በ2000 የተወለደ ወጣት ነው። በ2020/21 የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና ተሰልፎ በፕሪሚየር ሊጉ 29 ጎል አገባ። ከእሱ በፊት ክብረ ወሰኑ የጌታነህ ከበደ ነበር፤ ጌታነህ በ2016/17 ለደደቢት 25 ጎል አግብቶ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። አቡበከር 29 ጎል ባገባበት ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ፋሲል ከነማ ነው፤ ቡና አይደለም። አንድ ሰው የቱንም ያህል ቢያገባ ዋንጫ ብቻውን አያመጣም።

በጥር 2022 ብሔራዊ ቡድናችን ከ2013 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ ወደ ካሜሩን ሲሄድ አቡበከር ከቡድኑ ጋር ነበር። በዚያው ዓመት የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ዕድሜው ገና 22 ነበር። እዚህ ሐርጌሳም ሆነ አገር ቤት ኳስ የሚወድ ሁሉ ደስ አለው።

ሰንዳውንስ ተራ ክለብ አይደለም። በ2016 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ያነሣ፣ ከ2018 ጀምሮም ለብዙ ዓመታት በተከታታይ የአገሩን ሊግ የወሰደ ክለብ ነው። አቡበከር ሲደርስ የፊቱን መሥመር ይዞ ያገኘው ናሚቢያዊው ፒተር ሻሉሊሌ ነበር። ሻሉሊሌ በ2021/22 በሊጉ 23 ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የትኛው አሠልጣኝ በቀላሉ ያስቀምጠዋል? ከዚያም በላይ ጉዳት መጣ። አገር ቤት በየሳምንቱ የሚሰለፈው ልጅ አዲሱ አገር ላይ ብዙውን ጊዜውን በተጠባባቂ ወንበርና በሕክምና አሳለፈ።

ታዲያ ልጁ ጎል ማግባት ረሳ ማለት ነው? አይደለም። ነገሩን በትክክል ለመረዳት አንድ አጥቂ ባዕድ አገር ሄዶ ለምን ቦታ እንደሚያጣ አንድ በአንድ እንየው።

ቦታ የሚጠፋበት ምክንያት

አንደኛው ምክንያት ቁጥር ነው። ሜዳ የሚገባው 11 ሰው ነው። ከነዚህ ውስጥ የመሐል አጥቂ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ትልቅ ክለብ ደግሞ ለነዚህ ቦታዎች ሦስትና አራት ሰው ያስፈርማል። ቀድሞ በአንድ ጨዋታ መቀየር የሚቻለው ሦስት ሰው ነበር፤ በ2020 በወረርሽኙ ዘመን አምስት እንዲሆን ተፈቀደ፤ በ2022 ደግሞ በጨዋታው ሕግ ውስጥ ገብቶ ጸና። ይህ ለተጠባባቂ ትንሽ በር ከፍቷል። ያም ሆኖ ከወንበሩ ሳይነሣ የሚያመሽ ሰው ሁልጊዜ ይኖራል።

ሁለተኛው የውጭ ዜጋ ገደብ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሊግ አንድ ክለብ ማስመዝገብ የሚችለው አምስት የውጭ አገር ተጫዋች ብቻ ነው። ስለዚህ ከውጭ የሄደ ልጅ ከሠፈሩ ልጅ እኩል ቢሆን አይበቃውም፤ በልጦ መገኘት አለበት። ቦታው ለአምስት ሰው ብቻ ስለሆነ ከሌሎች እንግዶች ጋርም ይሻማል። እኛ ስደተኞች ይህን ነገር ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገንም።

ሦስተኛው የአጨዋወት ልዩነት ነው። አገር ቤት ሳለ ቡድኑ ኳሱን ወደ እሱ ያመጣለታል። አጠገቡ ያለው አማካይ ዓይኑን አይቶ የት እንደሚሮጥ ያውቃል። አዲስ ክለብ ሲገባ ግን ማንም አያውቀውም። ኳስ ሲነጠቅ አጥቂውም ተመልሶ እንዲያሳድድ ይጠየቃል፤ የሚጠበቅበት ጎል ማግባት ብቻ መሆኑ ይቀራል። ይህ ሁሉ ትእዛዝ የሚሰጠው ደግሞ በማያውቀው ቋንቋ ነው። ተከላካይ ቋንቋ ባይሰማ ሰው እየተከተለ ሊጫወት ይችላል። አጥቂ ግን ከጓደኞቹ ጋር ካልተግባባ ኳሱ አይደርሰውም።

አራተኛው አካል ነው። ጉልበቱን ወይም ቁርጭምጭሚቱን የተጎዳ ልጅ ለወራት ይቀመጣል። ሲመለስም ሩጫው ወዲያው አይመለስለትም። በነዚያ ወራት ቦታውን የያዘው ሰው ደግሞ ጥሩ ከተጫወተ አሠልጣኙ አያነሣውም። ታሞ ሥራ የቀረ ሰው ሲመለስ በቦታው ሌላ ሰው እንደሚያገኝ ማለት ነው።

አምስተኛው ከተጫዋቹም ከአሠልጣኙም እጅ ውጭ የሆነ ነገር ነው። ለዚህ የሳላዲን ሰይድ ታሪክ በቂ ምሳሌ ነው።

ከአቡበከር በፊት የሄዱት

ሳላዲን በ2011 ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ግብፁ ዋዲ ደግላ ሄደ። አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ የካቲት 1 ቀን 2012፣ በፖርት ሰይድ ስታዲየም ከ70 በላይ ሰዎች የሞቱበት አደጋ ደረሰ። ሊጉ ቆመ፤ የዚያ ዓመት ውድድርም ሳይጨረስ ተሰረዘ። የሚቀጥለውም ዓመት ውድድር በ2013 በአገሩ በተነሣው የፖለቲካ ሁከት ምክንያት ሳያልቅ ቀረ። አንድ አጥቂ ምንም ሳያጠፋ፣ ማንም ሳይበልጠው፣ መጫወቻ ያጣበት ጊዜ ነው። ሳላዲን በመካከሉ ወደ ቤልጂየሙ ሊርስ ሄዶ ሞከረ።

በጥቅምት 2012 ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ አንዱን ጎል ያገባው እሱ ነው፤ ሌላውን ያገባው አዳነ ግርማ ነው። ጥር 21 ቀን 2013 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ጨዋታው በአዳነ ጎል 1 ለ 1 አለቀ። ያን ምሽት በየሬዲዮውና በየቴሌቪዥኑ ፊት ያልተቆጨ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ሆኖም በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2014፣ በዋንጫ ብዛት የአፍሪካ ቀዳሚ የሆነው የካይሮው አል አህሊ አስፈረመው። በአፍሪካ ሁሉ ፊት የሳተ ልጅ በዚያች ቀን አልተዘጋበትም ማለት ነው።

ጌታነህ ከበደን እንመልከት። በ2013 ወደ ጆሃንስበርጉ ቢድቬስት ዊትስ ሄደ። እዚያ እንዳሰበው አልሆነለትምና በውሰት ለሌላ ክለብ ተሰጠ። በመጨረሻም አገሩ ተመለሰ። ያን ጊዜ «ከሽፎ መጣ» ያሉ አልጠፉም ይሆናል። ግን ቀደም ብለን የነገርናችሁን 25 ጎል ያገባው ከተመለሰ በኋላ ነው። በ2022 ካሜሩን ላይ የብሔራዊ ቡድናችን አምበል ሆኖ ገባ፤ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ስንወጣ በፍጹም ቅጣት ምት ያገባው እሱ ነው። መመለስ ለጌታነህ መጨረሻ አልሆነበትም።

ፍቅሩ ተፈራ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በቼክ፣ በፊንላንድ፣ በቬትናም ዞሯል። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላውን አንኳኳ። ጥቅምት 12 ቀን 2014 የሕንድ ሱፐር ሊግ የሚባለው ውድድር ሲጀመር በኮልካታ በተደረገው የመክፈቻ ጨዋታ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው ይኸው ኢትዮጵያዊ ነው። ሌላ ሰው ዛሬ ቢነሣና ሺህ ጎል ቢያገባ በዚያ ሊግ የመጀመሪያው መሆን አይችልም። ይሁን እንጂ ቡድኑ በታኅሣሥ ወር ለፍጻሜ ደርሶ ዋንጫውን ሲያነሣ ፍቅሩ በጉዳት ምክንያት በፍጻሜው አልተጫወተም። ደስታና ቁጭት በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ተገናኙበት።

እህቶቻችንንም አንረሳም። ከዱራሜ የተነሣችው ሎዛ አበራ በመጀመሪያ ወደ ስዊድን ሄዳ ነበር፤ እዚያ ብዙ አልቆየችም። ቀጥላ ወደ ማልታ ሄደች። በ2019/20 ለቢርኪርካራ ተሰልፋ ቡድኗ ሻምፒዮን ሲሆን እሷ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች። የመጀመሪያው አገር ካልሆነ ሁለተኛው ይሆናል ብላ መነሣቷ ነው የጠቀማት።

እነዚህን ሰዎች የጠቀስነው ሁሉም ነገር በመጨረሻ ይቃናል ለማለት አይደለም። ስማቸውን የማናውቀው፣ ሄደው ሳይሳካላቸው የቀሩ ብዙ ልጆች አሉ። ማሳየት የፈለግነው ወንበር ላይ መቀመጥ ፍርድ አለመሆኑን ነው። አንድ ልጅ አልተሰለፈም ማለት በዚያ ቀን፣ በዚያ ቡድን፣ በዚያ አሠልጣኝ ዘንድ ሌላ ሰው ተመረጠ ማለት ነው። ከዚህ ያለፈ ትርጉም የለውም።

ከካምፕ የወጡት

«እነሱ አገርና ፓስፖርት ያላቸው ናቸው፤ እኛ ስደተኞች ነን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስለዚህ በካምፕ የተወለዱ ሁለት ልጆችንም እንጨምር።

አልፎንሶ ዴቪስ በ2000 ጋና ውስጥ ቡዱቡራም በሚባል የስደተኞች ካምፕ ከላይቤሪያውያን ወላጆች ተወለደ። አምስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ካናዳ ተዛወረ። በጥር 2019 የጀርመኑን ባየርን ሙኒክን ሲቀላቀል የክንፍ አጥቂ ነበር። በዚያ ቦታ ግን ከሱ የሚበልጡ ስመ ጥር ሰዎች ነበሩ፤ ለሁለተኛው ቡድን የተሰለፈበትም ጊዜ አለ። በ2019 መጸው የዋናው ቡድን ተከላካዮች ተጎዱ። አሠልጣኙ ልጁን ከፊት አንሥቶ በግራ ተከላካይ ቦታ አሰለፈው። እሱም «እኔ አጥቂ ነኝ» ብሎ አላኮረፈም፤ የተሰጠውን ቦታ ይዞ ሮጠ። በነሐሴ 2020 ባየርን የአውሮፓን ሻምፒዮንስ ሊግ ሲወስድ ተሰልፎ ነበር። በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የበጎ ፈቃድ አምባሳደሩ አደረገው።

አወር ማቢል ደግሞ በ1995 በኬንያ ካኩማ ካምፕ ከደቡብ ሱዳናውያን ወላጆች ተወለደ። በ2006 ከቤተሰቡ ጋር በሠፈራ ፕሮግራም ወደ አውስትራሊያ ሄደ። በ2015 የዴንማርኩ ሚድቲላንድ አስፈረመው፤ ግን ቦታ አላገኘምና አንድ ጊዜ ለሌላ የዴንማርክ ክለብ፣ አንድ ጊዜ ወደ ፖርቱጋል በውሰት ተላከ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሰኔ 2022 ዶሃ ላይ አውስትራሊያ ከፔሩ ጋር ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ በፍጹም ቅጣት ምት ስትለያይ ከመቱት አንዱ እሱ ነበር፤ አገባ፤ አውስትራሊያም አለፈች። ካኩማንም አልረሳም፤ ለካምፑ ልጆች የኳስ ጫማና ትጥቅ የሚያደርስ በጎ አድራጎት ከወንድሙ ጋር አቋቁሟል።

ወላጆች አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ሁለቱም ልጆች ከካምፕ የወጡት በደላላ አይደለም። ቤተሰባቸው በሕጋዊ መንገድ ሲዛወር አብረው ሄዱ፤ ኳሱ የመጣው ከትምህርት ቤትና ከሠፈር ቡድን በኋላ ነው። ኳስ ከካምፕ አላወጣቸውም፤ ከወጡ በኋላ ነው ኳስ ያሳደጋቸው።

ስለ ደላሎች

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንለፍ። ደላላው የሚናገረው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «አይቼሃለሁ፤ አንተ እዚህ የምትቀመጥ ልጅ አይደለህም» ይላል። ቀጥሎ በስልኩ የክለብ ምልክት ያለበት ደብዳቤ ያሳያል። ቀጥሎ የመመዝገቢያ፣ የቪዛ፣ የሕክምና እያለ ገንዘብ ይጠይቃል። በመጨረሻም «ለማንም አትንገር፤ ቦታው ይወሰድብሃል» ይላል። ልጁ ለእናቱ እንኳ ሳይነግር ዕቃ ይሸጣል፣ ይበደራል። ከዚያ ወይ ስልኩ ይዘጋል፣ ወይ ደግሞ መንገዱ ወደ ክለብ መሆኑ ቀርቶ ወደ ታህሪብ ይሆናል። የታህሪብን መጨረሻ፣ ባሕሩንም በረሃውንም፣ እዚህ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም። በየቤቱ የሚያውቀው አለ።

ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ እንዳይሆንብን፣ እያንዳንዱ ወላጅና ወጣት የሚከተሉትን ነጥቦች ይያዝ።

1ኛ፣ የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአገር ወደ አገር ክለብ እንዲቀይር በመሠረቱ አይፈቅድም። የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ውጭ በሆነ ምክንያት አገር ሲቀይሩ። ያለ ወላጅ ተሰዶ በደረሰበት አገር እንዲኖር የተፈቀደለት ልጅም እዚያው ባለ ክለብ ሊመዘገብ የሚችልበት አንቀጽ አለ። ይህ ግን ልጁ ለደረሰበት አገር ነው እንጂ ደላላ ከዚህ አንሥቶ ወደ ሌላ አገር እንዲወስደው የተጻፈ አይደለም። ስለዚህ ለ15 እና ለ16 ዓመት ልጅ የውጭ ክለብ ውል አመጣሁ የሚል ሰው ከመጀመሪያው ቃሉ ይዋሻል።

2ኛ፣ የተጫዋች ወኪል መሆን የሚፈልግ ሰው ከ2023 ጀምሮ ፊፋ የሚሰጠውን ፈተና አልፎ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስም በፊፋ ዘንድ ይገኛል። ስሙን ጠይቁት፤ አብረን እንፈልገዋለን። ስሙን ለመናገር የፈራ ሰው ወኪል አይደለም።

3ኛ፣ የአንድ ተጫዋች ከአገር አገር ዝውውር የሚጸናው የፊፋ አባል የሆኑ ሁለት ፌዴሬሽኖች ማረጋገጫ ሲለዋወጡ ነው። ሶማሊላንድ የፊፋ አባል አይደለችም። ስለዚህ እዚህ ሻይ ቤት ተቀምጦ የሚፈረም «የዝውውር ወረቀት» ከወረቀትነቱ በቀር ዋጋ የለውም።

4ኛ፣ ክለብ የፈለገውን ተጫዋች ገንዘብ ከፍሎ ይወስዳል እንጂ ከተጫዋቹ እናት ገንዘብ አይጠይቅም። ገንዘብ የሚሄድበትን አቅጣጫ ብቻ ብታዩ ነገሩ ይገለጥላችኋል።

5ኛ፣ የስደተኛ መታወቂያ ወረቀት ፓስፖርት አይደለም። በሱ ድንበር አሻግራችኋለሁ የሚል ሰው በሕገ ወጥ መንገድ ሊወስዳችሁ ነው። ጥያቄ ካላችሁ የኮሚሽኑን የከለላ ጉዳይ ሠራተኞች ጠይቁ። ጠይቆ መመለስ አያስወቅስም፤ ለመጠየቅም ክፍያ የለውም።

ደላላ ያነጋገረው ልጅ ካለ ወደ እኛ ይምጣ። አንቆጣም፤ ስሙንም ለማንም አንናገርም። ገንዘብ የሰጠም ካለ አይፈር። የተታለለ ሰው ዝም ሲል የሚጠቀመው አታላዩ ብቻ ነው፤ ነገ የጎረቤቱን ልጅ ይዞ ይሄዳል።

ስለ ራሳችን ሜዳ

ስለ ባዕድ አገር ክለብ ይህን ያህል ከተናገርን ስለ ራሳችን ሜዳም መናገር አለብን። ትልቅ ክለብ ለዋንጫና ለገንዘብ ይጫወታል፤ ስለዚህ የደከመውን ያስቀምጣል። እኛ ግን የምንጫወተው ለምንድን ነው? ልጆቻችን ቀኑን በጫት ቤትና በመንገድ ዳር እንዳያሳልፉ፣ ከአካባቢው ልጆች ጋር እንዲተዋወቁ፣ አካላቸውና መንፈሳቸው እንዲጠነክር ነው። ይህ ከሆነ ዓላማችን፣ የአንድ ታዳጊ ልጅ ሙሉ ወር ሳይሰለፍ መቅረት የሚያስገኝልን ጥቅም የለም። ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን፤ ተወያዩበት።

በታዳጊዎች ጨዋታ ልምምድ ያልቀረ ልጅ ሁሉ ቢያንስ የጨዋታውን እኩሌታ ይጫወት። ብንሸነፍም እንሸነፍ። በትልልቆቹ ቡድን ግን አሠልጣኙ የመምረጥ መብቱ ይጠበቅለት፤ ያላሰለፈውን ልጅ ግን ከጨዋታው በፊት ለብቻው ጠርቶ ምክንያቱን በግልጽ ይንገረው። «ሩጫህ ቀንሷል»፣ «ኳስ አትለቅም»፣ «ልምምድ ቀርተሃል» የተባለ ልጅ የሚያርመው ነገር ያገኛል። ምንም ያልተባለ ልጅ ግን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በመጣበት አካባቢ ተጠልቶ የቀረ ይመስለዋል። እዚህ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍል የመጣን ሰዎች ነን፤ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው፣ ሌላውም አብሮ ነው የሚኖረው። አሠልጣኝ የሚናገራት አንዲት ግልጽ ቃል ብዙ ጥርጣሬ ታስቀራለች።

ለሴቶች ልጆችም የራሳቸው ሰዓት ይመደብላቸው። ወላጆች የሚስማሙበት ቦታና ሰዓት ይፈለግ እንጂ ሜዳው የወንድ ብቻ ነው ተብሎ አይዘጋ።

ተጠባባቂ ለሆንከው ልጅ

ወንድማችን፣ የመጨረሻው ቃላችን ለአንተ ነው።

አሠልጣኙ አንተን መምረጡ በእጅህ አይደለም። በእጅህ ያለው ሲጠራህ ምን ሆነህ እንደምትገኝ ነው። አሥር ደቂቃ ሲቀር ተነሥ ብትባል እግርህ ዝግጁ ነው? ተቀምጠህ ሳለ የተቃራኒውን ተከላካይ አይተሃል? በየትኛው እግሩ እንደሚዞር፣ ሲደክም የት እንደሚቆም ታውቃለህ? ወንበር ላይ ያለ ሰው ሜዳ ውስጥ ያለው የማያየውን ያያል። አኩርፎ መሬት መሬት የሚያይ ግን ይህንንም ያጣል።

ሌላ ቦታም ተማር። ዴቪስ ከአጥቂነት ወደ ተከላካይነት ሲመለስ ያነሰ ሰው አልሆነም። ቋንቋም ተማር። እዚህ ሶማሊኛ የሚችል ልጅ ከአካባቢው ቡድን ጋር ሲጫወት ኳስ ይደርሰዋል፤ ከሜዳ ሲወጣ ደግሞ ሥራ ይደርሰዋል። እንግሊዝኛም እንደዚሁ ነው።

ከተጎዳህ አትቸኩል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ያበጠ ጉልበት በጨርቅ ታስሮ አይጫወትም። ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ዕረፍ ካሉህ ዕረፍ። አንድ ወር መቀመጥ ዕድሜ ልክ ከማነከስ ይሻላል።

ትምህርትህን ደግሞ በምንም ምክንያት አታቁም። አቡበከር 29 ጎል አግብቶ እንኳ ጉልበቱና አሠልጣኙ የሚወስኑበት ጊዜ መጣበት። ኳስ በአንዲት ጅማት ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ነው። መጻፍ፣ ማስላት፣ አንድ የእጅ ሙያ ማወቅ ግን ማንም አሠልጣኝ የማይነጥቅህ ነገር ነው።

ወላጆችም ልጃችሁ ሳይሰለፍ ሲመጣ «ድሮስ አንተ» አትበሉት። «ዛሬ ምን ተማርክ?» በሉት። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ሰው ያገኘ ልጅ የሚሰማው ሰው ፍለጋ ደላላ ዘንድ አይሄድም።

ሐሳባችንን እዚህ ላይ እናበቃለን። የልምምዱ ሰዓት እንደ ወትሮው ነው። የተቀመጠም የተሰለፈም፣ ያኮረፈም ጭምር፣ ሁሉም ይምጣ። ለታዳጊዎቹ ያቀረብነውን የእኩሌታ ጨዋታ ሐሳብ የምትደግፉም የምትቃወሙም ከልምምዱ በኋላ ቆይታችሁ ንገሩን።